ፎቶ ሊመልስ ሐረር የመጣው ሰው

ለብዙ ዓመታት ያገለገልኩበትን ባንክ የለቀቅሁት ከማንም ተጣልቼ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ አይደለም። በዋናው መሥሪያ ቤት የማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ የነበረኝ ሥራ ቀስ በቀስ ስለ ሥራ መጻፍ ብቻ እየሆነ ስለ መጣ ነው። ሪፖርት እናዘጋጃለን፤ በሪፖርቱ ላይ ስብሰባ እንቀመጣለን፤ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ደግሞ የሚቀጥለው ሪፖርት አባሪ ይሆናል። ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ባንክ ቤት መግባት በአገራችን ለብዙ ቤተሰብ የልፋት ሁሉ ማረፊያ ነው፤ ደመወዙ ቀኑን ጠብቆ ይገባል፣ ለሠራተኛ የሚሰጠው የቤት ብድር ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ የሕክምና ወጪ ይሸፈናል። እናቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባቴን ስነግራት ጥቂት ዝም ካለች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ምን ትሠራለች ልበል?»

ጥያቄዋ የእኔም ሆነ። ወደ ተወለድኩባት ድሬዳዋ ተመልሼ ሳቢያን በሚገኘው የእናቴ ቤት ስቀመጥ፣ ጎረቤቶቻችን በቅንነት «ዕረፍት ነው ወይስ ተዛውረሽ ነው?» ይሉኝ ነበር፤ ለቅቄ ነው ስላቸው ወደ ውጭ አገር ልሄድ እንደ ሆነ ይጠይቁኛል። ስልክ ሳነሳ ከራሴ ስም በፊት የመሥሪያ ቤቴን ስም መጥራት ለምጄ ስለ ነበር፣ ስሜ ብቻውን ሲቀር የሚጎድለው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። የደመወዙ መቅረት አስቀድሜ ያሰብኩበትና የተዘጋጀሁበት ጉዳይ ነበር፤ ይህኛውን ግን ከመጀመሪያው አልቆጠርኩትም።

በዚያ ሰሞን ሐረር መውጣት አዘወተርኩ። ከድሬዳዋ የሚነሳው ሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ሲያያዘው ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ መውጣት ነውና አየሩ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሌላ ይሆናል። በሥራ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው በድሮዋ ሐረር ውስጥ መዘዋወር ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች በ48 ሄክታር ውስጥ የተሰበሰቡባትን ይህችን ከተማ በልጅነቴ ለዘመድ ሠርግና ለዒድ ጥየቃ አውቃታለሁ እንጂ ቀስ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

ፎቶ ሊመልስ የመጣውን ሰው ያገኘሁት ራምቦ ቤት ነው። ሐረር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጎበኘው ይህ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ራሱ በዚህ ሕንፃ አልኖረም። ራምቦ ግጥም መጻፉን በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 የአንድ ንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ፤ ቡናና ቆዳ እየገዛ ይልክ ነበር። እኔ ከድርጅት ወጥቼ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ስመላለስ፣ ኪነ ጥበብን ትቶ ወደ ድርጅት የገባ ሰው ታሪክ የተቀመጠበት ቤት ደጋግሞ የሳበኝ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ይህ ሰው ካሜራ ከፈረንሳይ አስልኮ በ1883 ሐረር ላይ ፎቶግራፍ አንስቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ውስጥ የራሱን ምስሎች አያይዞ ነበር፤ አንዱ ቡና መካከል ቆሞ፣ አንዱ ሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሮ፣ አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ። ፎቶዎቹን የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለ ሆነ ሁሉም እንደ ነጡበትም በደብዳቤው ጽፏል። በምስሎቹ ላይ ፊቱ ለመጥፋት ትንሽ የቀረው ሆኖ ነው የሚታየው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሜራውን ሸጦታል።

እኔ እነዚያን ምስሎች እያየሁ ሳለሁ፣ ባለ ቀለም መስታወት ባላቸው መስኮቶች አጠገብ የቆመ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ወፍራም ፖስታ በብብቱ የያዘ ሰው የሙዚየሙን ሠራተኛ በትሕትና ይጠይቅ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኚህን ሰው ያውቋቸው ይሆን?» ሠራተኛው ፎቶውን ተቀብሎ አየው፤ አላወቀውም። እኔ ግን ከሩቅ አወቅሁት። የአክስቴ ልጅ ስታገባ የሁላችንንም ልብስ የሰፋልን፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀረብ ብዬ «ላሳይህ እችላለሁ» አልኩት። እኛ ድሬዎች ታላቅ ታናሽ ሳንለይ «አንተ» ማለት ስለሚቀናን ሰውየው ለቅጽበት ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፈገግ አለና እሱም «አንቺ» ይለኝ ጀመር። ስለ እሱ «እሳቸው» ሳልል የምጽፈውም ከዚህ የተነሳ ነው እንጂ አክብሮት ጎድሎኝ አይደለም።

በፈረስ መጋላ በኩል እየወረድን ስሙን ሲነግረኝ ቆም አልኩ። ያን ስም በብዙ የክፍያ መጠየቂያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸውን የዘፋኞች አልበም ሽፋኖች፣ የፊልም ፖስተሮችና የመንገድ ዳር ማስታወቂያዎች ያነሳ ሰው ነው። የምሠራበት ባንክ በየዓመቱ መጨረሻ ለደንበኞቹ የሚያድለውን የግድግዳ ካላንደርም ከታዋቂ ሰዎች ጋር የሚሠራልን እሱ ነበር። እዚህ ስሙን የማልጽፈው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀኝ ነው።

ባንኩን ስጠቅስለት ደብዳቤዎቹን አስታወሰ። ካላንደሩ ከመታተሙ በፊት ናሙናው ለአመራር ኮሚቴ ይቀርብ ነበር፤ ከኮሚቴው የሚመጣው አስተያየት ደግሞ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበር፦ ፊቱ ይብራ፣ ቆዳው ይቅላ። አስተያየቱ በእኔ ጠረጴዛ በኩል አልፎ ይደርሰው ነበር። ይህን ሲያነሳ በድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። «እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ የሚያሠራኝ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» አለኝና አንድ ታሪክ ጨመረልኝ። በአንዱ ዓመት ካላንደር ላይ የወጣች ዘፋኝ ከወራት በኋላ ስቱዲዮው ድረስ መጥታ ያልተነካካውን ምስል እንዲሰጣት ለመነችው። ካላንደሩን ለእናቷ ወስዳላት ነበር፤ እናቷ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ «ይቺ ማን ናት?» አለቻት።

ስለ ፊትና ስለ ብርሃን የነገረኝን እዚህ ላይ በዝርዝር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ሁላችንም በየኪሳችን ካሜራ ይዘን እየዞርን ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነውና። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚሰላው። ስለዚህ ጠይም ሴት ነጠላ ለብሳ ስትነሳ መለኪያው የነጠላውን ንጣት አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ይቀንሳል፤ ነጠላው ወደ ግራጫ ሲወርድ ፊቷ ይጨልማል። ብዙ ሰው ፎቶው የጠቆረው ሴትየዋ ጠይም ስለ ሆነች ይመስለዋል። መፍትሔው ብርሃኑን ከፊቷ ላይ መለካት እንጂ ፊቷን በኋላ በኮምፒውተር ማንጣት አይደለም። የቀለም ፊልም በነበረበት ዘመን ነገሩ ይብስ ነበር። ኮዳክ ፊልም አጣቢዎች ቀለማቸውን እንዲያመሳክሩበት ይልከው የነበረው፣ ሼርሊ ካርድ የሚባለው ምስል ነጭ ሴት የተነሳችበት ስለ ነበር፣ አጠባው ሁሉ በእሷ ቆዳ ልክ ይስተካከል ነበር፤ ፊልሙ ጥቁርና ቡናማ ቀለምን ለይቶ እንዲያሳይ የተሻሻለው በአብዛኛው የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ምርታችን በፎቶ አላማረም ብለው ቅሬታ ካሰሙ በኋላ ነው። ይህን ሲነግረኝ የተሰማኝን ንዴት እስካሁን አስታውሰዋለሁ። የሰው ፊት ሳይጠየቅለት የጠረጴዛ ቀለም ተጠየቀለት።

ጀጎልን ስለሚወድበት ምክንያትም ያወራኝ በዚህ ቋንቋ ነው። ጠባቦቹ ጎዳናዎች ውስጥ ፀሐይ የምታርፈው በአንደኛው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ ያ በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ብርሃኑን አለስልሶ ከፊት ለፊቱ ጥላ ውስጥ ወደ ቆመው ሰው ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ባለው ስቱዲዮው ውስጥ በመብራትና በጨርቅ የሚደክምለትን ብርሃን እዚህ ግድግዳው በነፃ ይሰጠዋል። ነገር ግን በጣም አረንጓዴ ወይም በጣም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ አጠገብ ሰው አያቆምም፤ ቀለሙ ጉንጭ ላይ ይወጣል።

ሐረር የመጣው ግን ፎቶ ለማንሳት አልነበረም። በፖስታው ውስጥ የነበሩት፣ ከዚያ በፊት ለአንድ የሙዚቃ ቪዲዮ ሥራ መጥቶ ሳለ በትርፍ ጊዜው ያነሳቸው ሰዎች ምስሎች ነበሩ፤ አሳትሞ ለየባለቤቶቹ ሊመልስ ነው የመጣው። አገር ያወቀው ሰው፣ የአንድ ቀን ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ በራሱ ወጪ አውቶቡስ ተሳፍሮ ልብስ ሰፊና በርበሬ ሻጭ ሲፈልግ ማየቴ ግራ አጋብቶኝ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ ወደ ልጅነቱ ወሰደን። ሥራውን የጀመረው ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ በማንሳትና ፊልም በማጠብ ነው። በፎቶ ቤት ውስጥ ሰው ይነሳል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ በተባለው ቀን ተመልሶ ምስሉን ይወስዳል፤ ያልተወሰደ ፎቶ በመሳቢያ ውስጥ ሲከማች ባለቤቱ «የሰው ዕቃ ነው» እያለ አያስጥላቸውም ነበር። ካሜራው ከፎቶ ቤት ወጥቶ ወደ ጎዳና ሲመጣ ደረሰኙ ቀረ። የተነሳው ሰው ምስሉ የት እንደ ሄደ አያውቅም። «ታዋቂ ሰው ቢያንስ ራሱን በየግድግዳው ያያል» አለኝ፤ «እነዚህ ሰዎች ግን ራሳቸውን ሰጥተውኝ ባዶ እጃቸውን ነው የቀሩት።»

ስለ ታዋቂዎቹም ጠይቄዋለሁ፤ ማንስ ቢሆን ሳይጠይቀው ይቀራል? ዝነኛ ሰው ፊቱን አዘጋጅቶ እንደሚመጣ፣ እሱም ለዚያ ለተዘጋጀው ፊት የመጀመሪያውን ሰዓት እንደሚሰጠው፣ ከዚያ ካሜራውን አስቀምጦ ቡና እንደሚያስፈላ፣ ስለ መጀመሪያ ሥራቸውና ስለ ሰፈራቸው እንደሚያጫውታቸው ነገረኝ። የሚፈልገው ፎቶ የሚገኘው ከቡናው በኋላ ነው። አሠሪዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ከቡናው በፊት የተነሳውን ነው።

ልብስ ሰፊውን መኪናው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፎቶውን ሲቀበል መጀመሪያ ያየው ራሱን አልነበረም፤ በመርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ነው። ለማን እየሰፋ እንደ ነበር አስታወሰ፤ ልጅቷ አግብታ ጅግጅጋ እንደ ሄደች ነገረን። ከዚያ የስፌት መኪናዋን አይቶ «ይቺን ሸጥኳት» አለና ፎቶውን ለጎረቤቱ አሳየው፤ ፎቶው ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተላለፈ መንገዱን ሁሉ ዞሮ ተመለሰ። ግድር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ደግሞ አንዲት ሻጭ ፍለጋ ሄድን። በዙሪያችን የተሰበሰቡት ሴቶች ፎቶውን እያዩ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፤ አንደኛዋ እህቴ ናት ትላለች፣ ሌላዋ አይደለችም ትላለች፤ በመጨረሻ ሴትየዋ ከከተማ ውጭ የምትኖር፣ በተወሰኑ ቀናት ብቻ የምትመጣ በመሆኗ ላይ ተስማሙ። ፎቶ አንሺው ኦሮምኛም ሐረሪም ስለማያውቅ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከባንክ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ለአንድ ነገር ሲፈልገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ከጀጎል በሮች አንዱ ከሆነው ከሰንጋ በር ብዙም በማይርቀው ቤት ያገኘነው ነገር ነው። በፎቶው ላይ ያሉት አሮጊት በደጃቸው ተቀምጠው ስፌት ሲሰፉ የተነሱ ነበሩ፤ ፎቶውን እያሳየን ጠይቀን ጠይቀን ስንደርስ በሩን የከፈተችልን ልጃቸው ነበረች። እናቷ ማረፋቸውን ነገረችን። ወደ ውስጥ አስገባችን፤ በቀይ በተቀባው መደብ ላይ ተቀመጥን፤ ግድግዳው ላይ የእናቷ የእጅ ሥራ የሆኑ ስፌቶች ተደርድረዋል። ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። በቤቱ የቀረው የእናቷ ምስል የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ብቻ እንደ ሆነ፣ እሱም እንደ ደበዘዘ ነገረችን። በፎቶው ውስጥ እናቷ ትሰፋው የነበረውን ስፌት ከግድግዳው አውርዳ አመጣች፤ ያላለቀ ነበር፤ ጫፉ ላይ አክርማው እንደ ተንጠለጠለ ነው። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀች። እሱ ዋጋ የለውም ሲላት ደስ አላላትም፤ ትኩስ ሆጃ በወተት አቅርባ ሁለታችንም እስክንጨርስ ድረስ አላስነሳችንም። ስንወጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፦ ከዚህ ከፍ ያለ ትልቅ አድርጎ እንዲያሳትምላት።

ወደ መንገድ ስንወጣ «የዚህችን ሴት አድራሻ የት ጻፍከው?» ብዬ ጠየቅሁት። አልጻፈውም ነበር። የማንንም አልጻፈም፤ ሁሉንም በፊታቸው ብቻ ነው የሚያስታውሳቸው። ያኔ ከአንድ ሱቅ ደብተር ገዝቼ መስመር አሰመርኩ፦ የፎቶው ቁጥር፣ ስም፣ የቅርቡ በር፣ ሰፈር፣ የተረከበበት ቀን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ባንክ ውስጥ ያሰለቸኝ የመዝገብ አያያዝ እዚህ ለአንድ ነገር በቀጥታ ሲያገለግል አየሁት፤ መዝገቡን ስሞላ እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ለሰዎች የነበረኝን ጥንቃቄና ለወረቀት ያለኝን ጥንቃቄ ባንኩ ለያይቶብኝ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ሥራ ማለት ምን እንደ ሆነ እንደገና ገባኝ። በማግስቱም አብሬው ዞርኩ። እኔን አላነሳኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከእሱ ጋር ያልተስማማንበት ጉዳይ አለ፤ እስካሁንም አልተስማማንም። ከራምቦ ዘመን ጀምሮ ሐረርን ያነሱ የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ምስሎቹ የሚገኙት ግን በአብዛኛው በሩቅ አገር ቤተ መዛግብት ነው፤ ከምስሎቹ ግርጌ የሚጻፈውም «የሐረር ሴት» ወይም «ነጋዴ» የሚል ነው። በቤተ መንግሥት የነበረው ልማድ ሌላ ነበር፤ የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ያነሷቸው ነገሥታትና መሳፍንት ስማቸው ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። ስለዚህ እኔ የምለው፣ የእያንዳንዱ ፎቶ ቅጂ ከነስሙ እዚሁ ሐረር ውስጥ በአንድ ቦታ ይቀመጥ ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት የሚያየው ሰው ልብስ ሰፊውን በስሙ ይጥራው። እሱ ደግሞ ሰዎቹ ምስላቸውን የፈቀዱለት ለዚያች ቅጽበት እንጂ ለመዝገብ ቤት እንዳልሆነ፣ ስም ከፊት ጋር ሲቀመጥ ሰውን ሊጎዳ የሚችልበት ጊዜ እንዳለ ይናገራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የእሱን ሥጋት በዘመናችን አላየሁትም ማለት አልችልም። ለጊዜው የደረስንበት ስምምነት በደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው፦ «ቅጂው ከነስሜ ይቀመጥ» ወይም «አይቀመጥ»፤ የሚመልሰውም ባለቤቱ ብቻ ነው። ላረፉት ሰዎች ማን ይመልስላቸው የሚለውን ገና አልፈታነውም፤ የአሮጊቷ ልጅ ወንድሞቿን ሳትጠይቅ እንደማትመልስ ነግራናለች።

አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ በአውቶቡስ ጭነት ሌላ ፖስታ ላከልኝ። በውስጡ የአሮጊቷ ልጅ የጠየቀችው ትልቁ ፎቶ አለ፤ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ መስታወት ቤት ፍሬም እያሠራሁለት ነው። እናቴ ፎቶውን አይታ ሴትየዋ የማን ዘመድ እንደ ሆነች ጠየቀችኝ፤ እኔም ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ቅዳሜ ይዤው እወጣለሁ። ከዚያው ወደ ኤረር በር ወርጄ፣ በዚያ በኩል ወደ ገበያ የሚገቡትን ሴቶች ስለዚያች ስሟ ገና ስላልታወቀው ሻጭ እጠይቃለሁ።